ሦስት ቶን ውሃ

ታሪኩን ዛሬ ለሚጀምር አንባቢ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃዋል፦ እሷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር በትልቅ ቤት ትኖራለች። እሱ አናጺ ነው፤ በዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ከኮምፔንሳቶ ትልቅ የዓሣ ገንዳ ሊሠራ ለሦስት ሳምንት ብሎ ገብቶ ሁለት ወር ቆየ። ለምን እንደቆየ ከታላቅ ወንድሟ በቀር የማያውቅ የለም። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ገንዳው ይሞላል። እሷም ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ቀለበት ታስራለች።

*

አናጺው በግቢው በር ሲገባ መጀመሪያ የሰማው የጥፊ ድምፅ ነበር።

ሽማግሌው ዘበኛ ጉንጫቸውን ይዘው ከቧንቧው አጠገብ ቆመዋል። ታላቅ ወንድሟ መዳፉን በሱሪው ይጠርጋል፤ የመታው ጉንጭ ያቆሸሸው ይመስል።

«ከጠዋት የተከፈተውን አሁን ልዝጋው ትላለህ? ክፈተው ስልህ ክፈተው ነው! ‹አናጺው ይምጣና› የሚባል ነገር ከየት የመጣ ነው? የቤቱ ጌታ እሱ ነው?»

«አይ ጌታዬ፣ እሱ ነው ‹እኔ ሳልኖር ውሃ እንዳይለቀቅ› ያለው…»

«እስቲ ድገመው!»

ዘበኛው ዓይናቸውን ወደ በሩ፣ ወደ አናጺው መለሱ።

ከቧንቧው የተነሣው ጎማ በመስኮቱ አልፎ ሳሎን ገብቷል። አናጺው ለሰላምታ አልቆመም። የውሃው ድምፅ ወፍሯል፤ ውሃ በውሃ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ገንዳው ከግማሽ በላይ ሞልቷል ማለት ነው።

ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ነበር። ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ስፋቱ አንድ፣ ቁመቱ አንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ግድግዳው ድርብ ኮምፔንሳቶ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቆ በየአሥር ሳንቲሜትሩ በብሎን ተይዟል። ውስጡን ውሃ የማያሳልፈውን ቀለም፣ ኢፖክሲ፣ አምስት ጊዜ ቀብቶታል። የፊቱን መስታወት ያስገባው ከውስጥ በኩል ነው፤ ውሃው ራሱ ወደ ክፈፉ እየገፋ እንዲይዘው። «ሣጥን ይመስላል እንጂ ሣጥን አይደለም» ይል ነበር ለሚጠይቀው ሁሉ። «ሣጥን የሚይዘው ዝም ያለ ነገር ነው። ውሃ ዝም አይልም።»

የገንዳው አፍ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ ከፊት ወደ ኋላ የተጋደመ አንድ ወፍራም እንጨት ነበረ።

አሁን የለም። ሁለቱ ጫፎቹ በመጋዝ ተቆርጠው ግድግዳው ላይ ቀርተዋል። ሰጋቱራው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

«አግዳሚው የት ሄደ?»

«ቆረጥኩት» አለ ወንድሟ ከኋላው። «መሀል ለመሀል ተገትሮ የሬሳ ሣጥን አስመሰለው። እንግዳ ይመጣል እኮ። ደግሞስ ለዓሦቹ ያመጣሁት ያን የሚያህል ቋጥኝ በየት በኩል ይግባ?»

ቋጥኙ ገብቷል። ክንድ ክንድ የሚያካክሉ አምስት ዓሦችም ገብተዋል። ጥቁሩን ግድግዳ ታክከው ይዞራሉ።

«ጋሼ፣ ውሃውን ያስቁሙት። አሁኑኑ።»

«ያስቁሙት!» ብሎ ድምፁን አስመሰለው። «ሁለት ወር ሙሉ የሠራኸው በአንዲት እንጨት የሚፈርስ ነገር ነው?»

«የሰው አንገትም በአንድ አጥንት ነው የሚፈርሰው። ግን ማንም አይቆርጠውም» አለ አናጺው። «ለጌጥ አላደረግኩትም። የፊቱንና የኋላውን ግድግዳ ይዞ እንዳይለያዩ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። ይሄ ሲሞላ ሦስት ቶን ሊሆን ምንም አይቀረው። የጭነት መኪና ሸክም ነው ሳሎንዎ ውስጥ ያስቀመጡት።»

ወንድሟ ቀረብ አለና በጣቱ ደረቱን ወጋ አደረገው። አንዴ። ሁለቴ።

«መዶሻ ነው አሉ የሚሉህ። በልጅነትህ የሰው መንጋጋ ትፈልጥ ነበር አሉ። እንዲህ ሳይህ ግን ምላስ ብቻ ነህ።»

እውነት ነው፤ መዶሻ ይሉታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አብሮት የሚሠራ ሰው እናቱን ሰደበበት፤ በአንድ ቡጢ መንጋጋውን ሰበረው። ሰውየው ስድስት ሳምንት በቀጭን ቱቦ ሾርባ ጠጣ። ይህን ለሐኪሟ የነገራት ራሱ ነው፤ ከሌላ ከምትሰማው ብሎ። እሷም ያኔ ሰጋቱራውን የምትጠርግበትን መጥረጊያ እንደያዘች እንዲህ አለችው፦ «የእናቴን የፊት ጥርሶች የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ያወለቃቸው አባቴ ነው። አሁን ደግሞ ጋሼ አለ። እኔ በዚህ ቤት የወንድ እጅ ጠግቤያለሁ። ምክንያት ኖረህም አልኖረህ፣ አንድ ቀን በማንም ላይ እጅህን ካነሣህ እኔን እንደሌለሁ ቁጠረኝ።» «እሺ» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ «እሺ» ሲል የሚቀንስም የሚጨምርም ሰው አይደለም።

ስለዚህ የወንድሟ ጣት ሦስተኛ ጊዜ ሲወጋው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

ጥሎ መውጣት ይችል ነበር። ግን እናትየው ከመስታወቱ ፊት ለፊት በባለ መደገፊያ ወንበራቸው ተቀምጠዋል። እንግዶቹን እዚያ ሆነው እንዲቀበሉ ልጃቸው ያስቀመጣቸው ነው። ዓሦቹን እያዩ ፈገግ ይላሉ።

ከመኪናው ረጅሙን ሞርሳ አመጣ፤ ሁለት እንጨት ሲጣበቅ ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚይዘውን ብረት። በገንዳው አፍ ላይ አጋደመው፤ እጀታውን እያዞረ ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ሳባቸው። ኮምፔንሳቶው ተንቋቋ። ከዚያ ዝም አለ።

ወንድሟ ግን ቧንቧውን ማንም እንዳይዘጋው ሊጠብቅ ወደ ግቢው ወጣ።

*

ቀና ሲል አያት።

ከደረጃው ወርዳ ከኋላው ቆማለች። በመስታወቱ ላይ፣ በውሃውና በዓሦቹ መሀል ነበር ምስሏን የሚያየው፤ ሰማያዊ ቀሚሷ ሰፍቶ፣ ፊቷ ጠቦ። አንድ ዓሣ በአንገቷ ላይ አለፈ። ዓይኖቿ ብቻ አልተለወጡም።

ቀረበችው። እናቷ ወደ መስኮቱ ፊታቸውን አዞሩ። መስኮቱ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ገንዳህ ሞላልህ» አለችው።

«አንቺም እንኳን ደስ አለሽ።»

«ደስ ይበልህ ነው የሚባለው እንጂ። ነፃ ወጣህ።»

«ከምኑ?»

«ሐሙስ የት ነበርክ?»

«የትኛው ሐሙስ?»

«ያለፈው ሳምንት ሐሙስ! አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ ጠበቅኩህ። ክሊኒኩ በር ላይ። ሦስት ታካሚ ‹ዶክተር፣ ቁልፍ ጠፋብሽ?› አለኝ። ‹አዎ ጠፋብኝ› አልኩ።»

አናጺው እጁን ከሞርሳው ላይ አነሣ።

«ማን ነግሮኝ ልምጣ?»

«እኔ ነኛ! ጻፍኩልህ አይደል እንዴ? ‹ሐሙስ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ጠብቀኝ፤ ወደ ቤት አልመለስም።› ከታች በኩል፣ በቀኝ ጥግ። ሰኞ ዕለት።»

መስታወት ሲገባ፣ ዳሩን በሚያጣብቀው ሙጫ፣ በሲልከኑ፣ ግራና ቀኝ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ። እነሱ የሚጻጻፉት በእርሳስ እዚያ ፕላስተር ላይ ነበር። የመጀመሪያው የእሷ ነው፦ «ይሄ ሽታ ሳንባህን ይበላሃል፤ አፍህን ሸፍን።» ሥሩ የእሱ፦ «እሺ ሐኪም።» እንደዚያ እንደዚያ እያለ፣ አንድ ቀን ስፋቱ ከአውራ ጣት በማይበልጥ ወረቀት ላይ «ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ መልሷን የጻፈችው መስታወቱ የገባ ዕለት ነበር።

አናጺው ያን ሰኞ አስታወሰ። ሙቀት ነበር። ሲልከኑ ገና ሳይስተካከል ቆዳ ማውጣት ጀመረ። ስምንት ሜትር ፕላስተር በሁለት እጁ እየሳበ…

«አላነበብኩትም» አለ።

«ሁልጊዜ ታነብ የለም እንዴ?»

«ሊደርቅብኝ ነበር እኮ። ቆዳ ካወጣ በኋላ ፕላስተሩ ሲሳብ መስመሩን ይዞት ይነሣል። ከዚያ ውሃ ያሳልፋል። አምስት ደቂቃ ናት ያለችው…» የሚናገረውን ራሱ ሰማና አቆመ።

«እና እኔን ጠቅልለህ ጣልከኝ።»

«እንደ ኳስ» አለ። ውሸት አያውቅም።

ሳቀች። አፏን በመዳፏ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፤ መዳፏን ስታነሣ ግን ሳቁ አልነበረም።

ሲልከኑ እስኪደርቅ እሱ አሥራ ሁለት ቀን ወደዚህ ቤት አልመጣም። መደወል ይችሉ ነበር፤ ግን አልደወሉም። እሷ «አንብቦ ቀረ» ብላ ኮራች። እሱ «መልስ ነሣችኝ» ብሎ አፈረ። የቀለበቱን ወሬ የነገሩት ዘበኛው ናቸው።

«የዚያኑ ሐሙስ ጋሼ ላመጣው ባል ‹እሺ› አልኩ» አለች። «አንተን የጎዳሁ መስሎኝ።»

«ጎድተሽኛል።»

«ጥሩ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል።»

«እኔ ላውርደዋ። ልሂድና ልንገረው።»

«አንተ አትነግረውም! ይመታሃል። ሲመታህ ደግሞ አንተ…» እጁን አየችው። ጅማቱ የወጣ፣ ሙጫ የደረቀበት ትልቅ እጅ ነው።

«አላደርገውም ብያለሁ።»

«ሁሉም እስኪያደርገው ድረስ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ይህን ስትል ክፋት አልነበረባትም። ፈርታ ነበር። የፈራችውም ወንድሟን ሳይሆን ያን እጅ መውደዷን ነው።

*

መኪናዎቹ ግቢው ውስጥ ሲቆሙ ወንድሟ ከረባቱን እያጠበቀ ወደ ሳሎን ተመለሰ። መጀመሪያ ያየው ሞርሳውን ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጋራዥ ነው ቤቴ?»

«ጋሼ፣ እሱን እንዳይነኩት» አለ አናጺው። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ብቻ። ጨርቅ ጣል ያድርጉበት፣ አበባ ያስቀምጡበት፣ እንዳይነኩት ብቻ።»

«በገዛ ቤቴ ‹አትንካ›?»

«ጋሼ ተወው!» አለች እህቱ።

ምናልባት እሷ ባትናገር ይተወው ነበር። ዞሮ አያት፤ ከዚያ አናጺውን አየ፤ ከዚያ መልሶ እሷን። ሁለት ወር ያልገባው ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። ፊቱ ቀላ። እጁ ግን ወደ ሁለቱም አልሄደም፤ ወደ ሞርሳው ሄደ። የጠበቀውን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ በኃይል ወደ ኋላ አዞረው።

ብረቱ ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታ። ቀጥሎ ኮምፔንሳቶው አቃሰተ።

«እማማ ይነሡ!» አለ አናጺው።

እናትየው አልሰሙም። እሱም መልስ አልጠበቀም፤ ሮጦ ከነወንበራቸው አቀፋቸውና ወደ ደረጃው ወረወራቸው ቢባል ይቀላል። መስታወቱ መሀል ለመሀል ነጭ መስመር አወጣ። መስመሩ ሁለት ሆነ። ከዚያ ተኩስ የመሰለ ድምፅ።

ሦስት ቶን ውሃ ሳሎኑን በአንድ ጊዜ ወሰደው። ጠረጴዛውን ገልብጦ፣ ሶፋውን ከግድግዳ አላትሞ፣ ምንጣፉን ጠቅልሎ በበሩ ወጣ። ሐኪሟን ከእግሯ ነቅሎ፣ ጫማዋን ወስዶ፣ የደረጃው ብረት ላይ ጣላት። የመስታወት ስባሪ የአናጺውን ክንድ ከክርኑ እስከ አንጓው ቀደደው። ደጃፉ ላይ አበባ ይዞ የቆመው የመኪና አስመጪው ልጅ፣ ቀለበት የሚያስረው ማለት ነው፣ እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ጫማው ላይ የሚንፈራገጥ ዓሣ እያየ «አባዬ፣ ቤቱን አልተሳሳትንም?» አለ።

የሳቀለት የለም።

ወንድሟ ከውሃው ውስጥ ተነሣ። ከረባቱ ጀርባው ላይ ዞሯል። ከገንዳው ኋላ የተደገፈውን፣ ራሱ የቆረጠውን አግዳሚ አየ፤ አነሣው። ማንም «ተው» ለማለት አልደረሰም። አናጺው እናትየውን ቀና ሊያደርግ ጎንበስ ባለበት አፉን መታው።

እንጨቱ ከአጥንት ጋር ሲገናኝ የሚያሰማውን ድምፅ ሐኪሟ ታውቀዋለች። ክፍል ውስጥ የተማረችው አይደለም።

ሁለተኛው ትከሻውን አገኘው። ሦስተኛው አልደረሰም፤ አናጺው እንጨቱን በቀኝ እጁ ቀለበው፣ በግራው የወንድሟን ኮሌታ ይዞ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ደም ከአፉ በአገጩ ይወርዳል። ቀኝ እጁ እንጨቱን ለቀቀና ወደ ላይ ተነሣ። ተጨበጠ።

መዶሻ። ስሙ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ሁሉም አየ።

ሐኪሟ የወንድሟን ፊት አየች። ፈርቶ ነበር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ሲፈራ አየችው። ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር «በለው» አለ። ድምፅ አልነበረውም፤ ግን የእሷ ነበር።

አናጺው ዞሮ አያት።

«አትምታው» አላለችም። እሱ ግን መልሱን ሁለት ወር አስቀድሞ የሰማ ሰው ነው። ኮሌታውን ለቀቀ። አንድ እርምጃ ተመለሰ። ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው ወስዶ፣ የቀኙን አንጓ በግራው ያዘ፤ ራሱን ራሱ እንዳሰረ ሰው።

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ እንጨቱን አነሣ። ጎኑን መታው። ደግሞ መታው። አናጺው አልተነቃነቀም። ሦስተኛው ላይ በአንድ ጉልበቱ ወረደ።

ያን ጊዜ ገባት። ያንን ቋጠሮ የቋጠረችው እሷ ናት። በዚህ ቤት እጅ የሚያነሣውን ሰው አንድም ቀን «አታንሣ» ሳትል፣ የማያነሣውን አሠረችው።

መሀላቸው ገባች። እንጨቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ልቀቂ!»

«አልለቅም።»

ሳባት። ስባሪው ላይ በባዶ እግሯ ተጎተተች፤ አልለቀቀችም። ወንድሟ የሚጎትተው እሷን መሆኑን ያወቀው ወለሉ ላይ የእግሯን ደም ሲያይ ነው። እንጨቱ በእጇ ቀረ። ወረወረችው።

ወደ አናጺው ዞረች። አገጩን ይዛ አፉን ከፈተች። የላይኛው፣ የፊቱ፣ የግራው። ቦታው ባዶ ነው።

«ጥርሱ የት አለ?» አለች።

ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ድምፅ ነው፤ ይህ ቤት ሰምቶት አያውቅም።

«ጥርሱን ፈልጉ! ሁላችሁም! ሳይሰበር ከሥሩ ነው የወጣው፤ ቶሎ ከተመለሰ ይይዛል። ግማሽ ሰዓት ነው ያለን። ያገኘ ሰው ሥሩን እንዳይነካ፤ በነጩ በኩል ብቻ!»

ዘበኛው ተንበረከኩ። የመኪና አስመጪው ልጅ አበባውን አስቀምጦ በሙሉ ልብሱ ተንበረከከ። አባቱ «ኧረ ሱሪህን!» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ቀለበት ሊያስር የመጣ ቤተሰብ በአራት እግሩ፣ በዓሦችና በስባሪ መሀል፣ የአናጺ ጥርስ ይፈልጋል። ወንድሟ ብቻ ቆሟል፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት።

«ዶክተር፣ ይሄ ነው?» አለ የአስመጪው ልጅ ከሶፋው ሥር።

«በምን ያዝከው?»

«በነጩ።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ።»

ቀና ስትል እናቷ አጠገቧ ናቸው፤ ርሰው፣ በእጃቸው ብርጭቆ ወተት ይዘው።

«በወተት ነው አይደል የሚታጠበው?» አሉ።

«ማን ነገረሽ እማዬ?»

«ክሊኒክሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የለ እንዴ። ስጠብቅሽ ሁልጊዜ አነበዋለሁ።» ብርጭቆውን አቀበሏት። «በኔ ጊዜ አላወቅንም እንጂ።»

ጥርሱን በወተቱ ነከር አደረገችው። «ያምሃል» አለችው። በራሱ ነቀነቀ። በሁለት ጣቷ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችው። ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ወጣ። ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ በጣቷ ተሰማት። መሐረብ አጥፋ አስነከሰችው፤ ክንዱን በሻሿ ጠምጥማ አሠረች።

«ተነሥ። ክሊኒክ ገብቶ በሽቦ መታሠር አለበት።»

ወንድሟ በሩ ላይ ቆመ።

«ከዚህ ደጃፍ ብትወጪ እህት የለኝም።»

«ጋሼ፣ ሰዓት የለኝም» አለች።

እጁን አነሣ። ሐኪሟ ዓይኗን አልጨፈነችም። እጁ ግን አልወረደባትም፤ እናትየው ክንዱን ይዘውታል። ያረጀ፣ ወተት የነካው እጅ ነው፤ ሊያስለቅቀው ቢፈልግ በአንድ ትንፋሽ ነበር።

«እጅህን ዝቅ አድርጋት» አሉ።

«እማዬ፣ አንቺ አትግቢ—»

«ዝቅ አድርጋት። አባትህም ልክ እዚህ ቆሞ ነበር የሚያነሣት። እኔ እዚያ ነበርኩ፣ አንተ ደረጃው ላይ። ታለቅስ ነበር።»

እጁ ወረደ። እናቱን ሰምቶ ይሁን እንግዶቹን አፍሮ፣ እሱም አላወቀውም። ከበሩ ላይ ግን ዞር አለ።

«የኔ መኪና ከፊት ነው የቆመው» አለ የአስመጪው ልጅ፣ ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ። «እኔ ነኝ የምነዳው።»

«ቀለበቱስ?» አሉ አባቱ።

«አባዬ፣ ቀለበቱ ይቆያል። ጥርሱ አይቆይም።»

ሐኪሟ በባዶ እግሯ ወጣች። ደጃፉን ስታልፍ ልትደነግጥ ጠብቃ ነበር፤ የተሰማት ግን የውጪው አየር ብቻ ነው።

*

ክሊኒኩ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው። ራሷ ከፈተች፤ መብራቱን አበራች፤ ወንበሩ ላይ አስተኛችው። ቀሚሷ አሁንም ይንጠባጠባል። የአስመጪው ልጅ «ውጪ ነኝ» ብሎ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋላቸው።

ቀጭን ሽቦ ቆረጠች። ከጥርሶቹ ቅርጽ ጋር አስማማችው።

«አፍህን ክፈት። ሰፋ። እንዳትዘጋው፤ እንዳትናገር።»

ከፈተ። ከላይ ሆና ስታየው ዓይኖቹ ቅርብ ናቸው። ምንም መመለስ የማይችል ሰው ፊት ለመናገር ይቀላል።

«ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ» አለች፤ ጥርሶቹን በጥጥ እያደረቀች። «ግድግዳው ላይ ስታስጠጋው፣ ዞረህ ስታየኝ፣ ‹አትምታው› የምል መስሎህ ነበር። አይደለም። ‹በለው› እያልኩ ነበር። በሆዴ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ገባህ? እኔ! ሰውን ‹እጅህን ካነሣህ› ብዬ የማስፈራራ እኔ።»

ሊናገር ፈለገ። በጥርስ ማያ መስታወቷ እጀታ ግንባሩን ነካ አደረገችው።

«ዝም። ሌላም አለ። ያን ቃል መልሼልሃለሁ። እሱ ሲመታህ እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ ስትቆም… እኔ ነኝ ያቆምኩህ። ሁለተኛ እንደዚያ ስትሆን ማየት አልችልም። ከዛሬ ጀምሮ እጅህ የራስህ ነው። የምታደርግበትን አንተ ታውቃለህ።»

ራሱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። አልፈልግም፣ አትመልሺልኝ ማለቱ ነው።

«አትነቃነቅ አልኩህ እኮ!»

ሽቦውን አስቀመጠች። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ጠብታ ሙጫ አደረገች። ሙጫው የሚጠነክረው በሰማያዊው መብራት ነው፤ ለአንድ ጥርስ ሃያ ሰከንድ። እስከዚያ ቦታው ደረቅ መሆን አለበት። አንዲት ጠብታ ከነካችው አይዝም፤ ሽቦውም ይወልቃል፣ ጥርሱም ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ስትጨርስ ዓይኗ ሞላ።

ሁለት እጇ ተይዟል፤ በአንዱ ሽቦውን፣ በአንዱ መብራቱን። ቀና ካለች ሽቦው ይንሸራተታል፤ ካላለች እንባው ይወርዳል፤ ከሥር ያለው ደግሞ የተከፈተ አፉ ነው። አፍንጫዋን ሳበች። ትንፋሿን ያዘች። የሽፋሽፍቷ ጫፍ ላይ ጠብታዋ ወፈረች።

አናጺው አየ። የሙጫ ሰው ነው፤ እርጥበት ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ያልተቆረጠውን ክንዱን ቀስ ብሎ አነሣ። በአመልካች ጣቱ ጀርባ፣ ሸካራ ባልሆነው በኩል፣ የቀኝ ዓይኗን ጠረገላት። ቀጥሎ የግራውን። ሁለተኛው ጥርስ ላይ ደግሞ ጠረገላት። ሦስተኛው ላይም። እሷ ከሥራዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ ከንፈሯ ግን ሰከንዱን ይቆጥር ነበር። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ።

መብራቱን አጠፋች። በጥፍሯ ሽቦውን ነካ ነካ አደረገችው። ይዟል።

«ጨረስኩ» አለች። «አሁን መናገር ትችላለህ።»

ከዚያ አለቀሰች። እንደዚያ ቤት ልቅሶ ትራስ ውስጥ የተደበቀ አልነበረም። ጮክ ብላ፣ አፏን ከፍታ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ እርጥብ ደረቱ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ ሠላሳ ዓመት ተጠራቅሞ የቆየውን።

እሱም መናገር ተፈቅዶለት ሳለ፣ ዝም በይ አላላትም።